ባሎቴና ጋቢ የበላው ጠፍር

ባሎቴ ማረፏን የሰማሁት አረካ ገበያ ቅቤ ስመርጥ ነው። ቅቤ ሻጯ እንደ ዋዛ፣ «ያቺ የወፍጮ ቤቷ ባሎቴ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች፤ ነገ ሶዶ ትቀበራለች» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በገበያው መሐል ሳቄ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ቅቤዋን ከእጄ ነጥቃ፣ «ምን ዓይነት ሰው ነዎት?» ብላ ተቆጣችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? የባሎቴን ስም ስሰማ መጀመሪያ የሚታየኝ የአንድ ትልቅ ሰው ላብ ነው። ቀጥሎ የሚታየኝ ከጣራ ሥር ተበጣጥሶ የሚወርድ ጋቢ ነው። እንባው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ የዚያን ቀንም የመጣው ወደ ሶዶ ስመለስ መንገድ ላይ ነበር። ቅቤውንም ሳልገዛ ቀረሁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ባለሙያ ነበረች፣ ከምንም ነገር ምግብ ትሠራ ነበር» ሲል ዋለ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ብቻ ብሎ ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል። በዚህ ከተማ ስንት ሰው ዛሬ በሁለት እጁ የሚያጨበጭበው በማን ምክንያት እንደሆነ አያውቅማ።

ነገሩ ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አንድ ግሪክ ሶዶ ላይ የሞተር ወፍጮ ተክሎ ነበር። ስሙን አስተካክሎ የሚጠራ ስላልተገኘ ሁላችንም ሙሴ እንለው ነበር። እኔ ሚዛን ላይ ነበርኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር፣ እኔ ደግሞ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስሄድ መሬቷን የምረግጣት በውለታ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ።

ሞተሩ በአንድ ጥግ፣ ወፍጮው በሌላው ጥግ ሆኖ፣ ከበሬ ቆዳ የተሰፋ ረጅም ጠፍር በሁለቱ መዘውሮች ላይ እየዞረ ያያይዛቸዋል። ዛሬ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት ነው። ያ ጠፍር በፍጥነት ሲዞር ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። ክፋቱም እሱ ነው። ወፍጮው በተከፈተ በመጀመሪያው ወር የባሎቴ ታናሽ ወንድም ዳና ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ የቡልኮው ጫፍ ጠፍሩን ነካ። ግራ እጁን ከክርኑ በታች አጣ። በአጭሩ የምናገረው ዳና ራሱ ከዚህ በላይ ሲወራ ስለማይወድ ነው።

የዳና ቁስል በደረቀ ሰሞን እህቱ አንድ ድስት፣ አንድ ማማሰያና አንድ ጥቅል ቃጫ ይዛ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ አጭር፣ ደረቷ ሰፊ ሴት ነበረች። ሙሴን፣ «የወንድሜን ሥራ እኔ ይሠራል» አለችው። የባሎቴ አማርኛ እንዲህ ነበር፤ ምን እንደምትፈልግ ግን ማንም ሳይገባው ቀርቶ አያውቅም።

«ጆንያ መሸከም አትችዪም» አላት ሙሴ።

«ጆንያ አይሸከምም። ሰው ይጠብቃል።»

«ሰው የሚጠብቅ አልቀጥርም።»

«እንግዲያው ያበስላል» አለችና ድስቷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ሠራተኛው ምሳ ፍለጋ እየሄደ ስለሚጠፋበት ሙሴ በዚህ ተስማማ። ለምግቡ ግን የሰጣት ነገር የለም። ከጆንያ ጥግ የሚራገፈውንና ንጹሕ ሸራ ላይ የሚረግፈውን ዱቄት ውሰጂ አላት፤ ያም ቢሆን ለዶሮ እንኳ የሚበቃ አይመስልም ነበር።

በዚያ ዱቄት አሥራ አንድ ሰው አበላች። ከጓሮዋ ጎመን ታመጣለች፤ ሌላው ሰው የሚጥለውን የጎመን አገዳ ልጣ፣ አድቅቃ ትከትፈዋለች። ጎመኑን ከበቆሎው ዱቄት ጋር አድቦልቡላ ፖሰሴ ትሠራለች። የምታነደው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። የምታቀርብበት ኮባ፣ የእንሰት ቅጠል ነው፤ ስለዚህ የሚታጠብ ሳሕን የለም፤ የበላንበትን ኮባ ማታ ለፍየሏ ትወስዳለች። «ፍየሌ ከእናንተ ትሻላለች፤ በልታ ወተት ይሰጣል» ትለናለች።

ከሁሉ የሚገርመው የበርሜሉ ነገር ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ግሎ ደጅ ወደ ቆመ አንድ ትልቅ በርሜል ይመለሳል። እኛ ያንን ትኩስ ውሃ ስንት ወር ሙሉ እያየን ምንም አልታየንም። ባሎቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ በገንቦ ሞልታ፣ አፉን በሊጥ አትማ፣ እበርሜሉ ውስጥ አቆመችው። በስድስት ሰዓት ባቄላው ለስልሶ ወጣ፤ አንድ ጭራሮ አልነደደም። ሙሴ ይህን ሲያይ ፀጉሩን ነጨ። «ሞተሬን ድስት አደረግሽው!» እያለ ጮኸ። እሷም በኮባ አቀረበችለት። በማግስቱ ጠዋት ሙሴ ወዲያ ወዲህ አይቶ፣ እንቁላል በጨርቅ ቋጥሮ በርሜሉ ውስጥ ሲያወርድ እኔው በዓይኔ አየሁት።

ምሳ ሲደርስ «እጅ» ትላለች። ሁላችንም እጃችንን እንዘረጋለን። እንግዳ ሰው ልታስታጥበን ይመስለዋል፤ እሷ ግን ትቆጥራለች። በማማሰያዋ ጫፍ እየነካች በወላይትኛ፣ «ኢሲ፣ ናኡ፣ ሄዙ…» እያለች እስከ መጨረሻው ትሄዳለች። ዳና በር ላይ ሰው አስተናጋጅ ሆኖ ተመልሶ ስለነበር አሥራ አንድ ሰው፣ ሃያ አንድ እጅ ነበርን። ሃያ አንድ ሲደርስ «ሞልቷል፣ ብሉ» ትላለች። ለዳናም የምታቀርበው ከእኛ እኩል ነው፤ «የሄደችዋም እጅ ትበላለች» ትል ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ ለቀልድ ብሎ እጁን ከጀርባው ደበቀ። ሃያ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ማማሰያዋን ጥላ ወደ ጠፍሩ ሮጠች፤ መሬቱን ስትዳብስ አየናት። እንዲህ ያለ ቀልድ ሁለተኛ አልተቀለደም።

በሩ ላይ ችንካሮች መትታ ነበር። ጋቢም ሆነ ቡልኮ እዚያ ላይ ይሰቀላል፤ አልሰቅልም ያለ ሰው ልብሱ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞ በቃጫ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። እኔ በመጀመሪያው ቀን፣ «ሚዛን ላይ ነኝ፣ ከጠፍሩ እርቃለሁ» ብዬ ተከራከርኩ። «ዳናም ይርቅ ነበር» አለችኝ። በትልቅነቷ እትዬ ብዬ አንቱ ልላት ብሞክርም ከለከለችኝ። «አንቱ ረጅም ነው። ጠፍር አጠገብ ቶሎ አይደርስም። አንቺ በለኝ።»

እንግዲህ በዚያ ዘመን ልብስን ወገብ ላይ ሸብ አድርጎ መቆም ማደግደግ ነው፤ የሚደገደገውም ለጌታና ለሹም ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አደግድገን የምንቆመው ሞተር ፊት ነበር። ገበያተኛው በበሩ ሲያልፍ፣ «ለብረት ያደገደጉ» እያለ ይስቅብናል። ባሎቴ «ይሳቅ፤ የሚስቅ ሰው ሩቅ ነው የሚቆም» ትላለች።

ባላምባራስ ጣሰው የመጡት በዚህ መካከል ነው። ወፍጮ ቤቱ የቆመበት መሬት የሳቸው ነበር። ልጃቸውን ሊድሩ አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ የሰርጉ እህል በበቅሎ ተጭኖ መጥቷል፤ ዱቄታቸው ከሌላ ሰው ዱቄት ጋር እንዳይቀላቀል ዱቄቱ ከሚወርድበት ቋት አጠገብ ቆመው ማየት ፈለጉ። ረቡዕ ቀን ነው። ጋቢያቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይወርዳል። ከኋላቸው ጠመንጃቸውን የተሸከመው ጢማሙ አሽከራቸው ወልዴ አለ።

ባሎቴ በሩ መሐል ቆማ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ ጋቢ እዚህ ይሰቀላል። ወይም ይታሰራል።»

«ላደግድግ ነው? ለማን?»

«ለሱ» አለች፣ ሞተሩን በማማሰያዋ እያሳየች።

«እኔ ለንጉሥ እንጂ ለብረት አላደገድግም።»

«ንጉሥ ደግ ነው ጌታዬ። ሰው ያያል፣ ይምራል። ይሄ ዓይን የለውም።»

ባላምባራስ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ሞተሩን ለአፍታ እናጥፋላቸው እንዳንል፣ አንዴ ከጠፋ የሞተሩን አናት በፋኖስ እሳት አግሎ ለማስነሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሳይዞር ደግሞ ምን ዱቄት ሊያዩ? በቅሎዎቹን እንደ ጫኑ አስመለሷቸው። ሙሴ እስከ መንገዱ ድረስ እየሮጠ ለመናቸው፤ ዓርብ እንዲመለሱ በግድ አስማማቸው። ተመልሶ መጣና ለባሎቴ እንዲህ አላት፦ «ዓርብ ባላምባራስ በሰላም ካልገቡ አንቺና ድስትሽ ትወጣላችሁ። መሬቱን ከነጠቁኝ እኔም እወጣለሁ።»

ሐሙስ ምሳ አልተበላም ማለት ይቻላል። ፖሰሴው ቀርቧል፤ የሚውጠው ግን የለም። ባሎቴ ከሄደች ሙሴ ችንካሮቹን እንደሚነቅል፣ እጃችንንም የሚቆጥር እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። በስተመጨረሻ ዳና፣ «እታለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይግባ። አንድ ጊዜ ምን ያመጣል?» አላት።

«አንተ ስንት ጊዜ ነበር ጠፍሩን የነካኸው?» አለችው።

ዳና አንገቱን ደፋ። ባሎቴም አዝና መሰለኝ፤ በወላይትኛ አንድ ነገር ብላ ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ግን ሳቋ መጣ። የባሎቴ ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ትከሻዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ካናወጠ በኋላ ነው አፏ የሚደርሰው። «የሱን ጋቢ እኔ አያወልቅም፤ ራሱ ያወልቃል» አለችና ወደ ጓሮዋ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በማስነጠስ ተሞላ። ባሎቴ ዳጣ፣ ያንን የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ እየፈጨች ነበር። የቃሪያው ሽታ ከበር እስከ ሚዛን ድረስ ዓይን ያስለቅሳል። አንድ ሸማኔ በቆሎውን ሊያስፈጭ መጥቶ ሁላችንም እንባችንን ስንጠርግ ሲያይ፣ «እዚህ ሰው ሞቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ይህ ሁሉ ገና ዳጣው ሳይቀመስ ነው።

ባላምባራስ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። የጾም ቀን ነውና እህል በአፋቸው አልዞረም። ባሎቴ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች፤ ይህን ጊዜ ያደገደገችው ለሞተሩ ሳይሆን ለሳቸው ነበር፤ እሳቸውም አስተውለው ደስ አላቸው። «ጌታዬ ደክመዋል። መጀመሪያ ይቀመጡ» ብላ በበርሜሉ አጠገብ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ፀሐይና እንፋሎት በሚገናኙበት ቦታ አጎዛ አነጠፈችላቸው። ከዚያ የተሻለ ሙቀት በመላው ወላይታ አይገኝም።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ኮባውን እያዩ።

«ፖሰሴ ነው ጌታዬ። የጾም ነው፣ ቅቤ የለበትም።»

እኛ ከጆንያው ኋላ ሆነን አፋችንን ያዝን። በዚያ ድስት ቅቤ ገብቶ የሚያውቀው መቼ ነው?

አንድ ጉርሻ ጎረሱ፤ ደግ ነው አሉ። ሁለተኛውን ዳጣ አስነኩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በርበሬው ለጌታዬ በዛበት መሰለኝ። የእኛ ሴቶች እንደ ዋዛ ይበሉታል። ልቀንስ?» አለች ባሎቴ፣ ድምፅዋ እንደ ማር።

«ጨምሪ» አሉ።

ጨመረች። የሸሚዛቸውን አንገት ፈቱ። ላባቸው ከግንባራቸው ተነሥቶ በጢማቸው በኩል ኮባው ላይ ይንጠባጠባል። ሙሴ በመስኮቱ ሆኖ በሚያውቃቸው ቅዱሳን ስም ሁሉ ያማትባል። ባላምባራስ ሌላ ጉርሻ አነሡ፣ አስቀመጡት፣ እንደገና አነሡት፤ ሽንፈት አይወዱም። በመጨረሻ «ኡፍ» አሉና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ዘረጉላት። ባሎቴ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አጥፋ፣ ችንካሩ ላይ ሰቀለችው። እሳቸውም ውሃ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ በሸሚዝና በተፈሪ ሱሪ ብቻ ሆነው ተነሡና በበሩ ገቡ። ሰው በደስታ ሊያብድ ይችላል ቢባል እኔ ያን ሰዓት አብጃለሁ። ዳና በአንድ እጁ ጭኑን እየመታ ያለ ድምፅ ይስቅ ነበር።

ሳቃችንን ሳንጨርስ ወልዴ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ወልዴን አልወቅሰውም። አሽከር ሆኖ ሲያድግ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ጌታ ያለ ጋቢ በሕዝብ ፊት አይቆምም። ጌታው በሸሚዝ ብቻ በተሸካሚና በሚዛን ጠባቂ መካከል ቆመው ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። ጋቢውን ከችንካሩ አውርዶ፣ ዘርግቶ፣ ከኋላቸው ሊያለብሳቸው ገባ። የጋቢው አንድ ጫፍ በትከሻቸው በኩል ሲያልፍ ሌላው ጫፍ ወደ ጠፍሩ ተነሣ።

«ልቀቅ» አለች ባሎቴ። ጌታዬም፣ እባክህም የለበትም።

ወልዴ አልለቀቀም። የጌታውን ልብስ መሬት ላይ መጣል ነውር ነዋ። ጠፍሩ ጋቢውን ሲጎትት እሱም እግሩን ተክሎ ወደራሱ ጎተተ፤ በእርግጥ ከሞተር ጋር ጉልበት ሊለካካ ነበር። ባሎቴ ከድስቱ አጠገብ ተነሥታ እንዴት እንደደረሰችበት አላየሁም። ያየሁት ማማሰያው ከነትኩስ ፖሰሴው የወልዴ ጣቶች ላይ ሲያርፍ ነው። ወልዴ ጮኾ ለቀቀ። ጋቢው ሽው ብሎ ሄደ፤ መዘውሩ ላይ አንዴ ሁለቴ ነጭ ሆኖ ዞረ፤ ከዚያ ብጥስጣሹ ከጣራው ሥር በላያችን ወረደ። በባላምባራስ ፀጉር ላይም፣ በሙሴ አፍንጫም ላይ አረፈ።

ባላምባራስ ትከሻቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ጋቢው ሊያርፍበት የነበረውን ቦታ፣ ቀስ ብለው፣ አንገታቸው ድረስ። ከዚያ ወልዴን፣ «እጅህን አሳየኝ» አሉት።

ወልዴ ሁለቱን ዘረጋ። አንዱ ቀልቷል፣ ጎመን ተለጥፎበታል። ባሎቴ ጠጋ ብላ በማማሰያዋ ነካቻቸው። «ኢሲ፣ ናኡ» አለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቃጫ አምጪ» አሉ ባላምባራስ።

የሚታሰር ጋቢ ስላልቀረ የሸሚዛቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰረችላቸው። የኮሩት ባላምባራስ ጣሰው ሞተር ፊት አደግድገው ቆሙ። እኛ ላለመሳቅ ከንፈራችንን ነክሰናል። እሳቸው ራሳቸውን ቁልቁል አዩ፣ ከዚያ ሞተሩን አዩ፣ ከዚያ መሳቅ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሲፈቀድልን እኛማ ጣራውን ልናነሣው ደረስን። ሳቁ በረድ ሲል፣ «ለመሆኑ ያ ምሳ ከምን የተሠራ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ያለፈው ወር የጌታዬ እህል ሲፈጭ ከጆንያው ጥግ የተራገፈ ነው» አለች ባሎቴ። «እኛ ምንም አይጥልም።»

ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው እንደገና አገርሽቶባቸው፣ ወጥተው አጎዛው ላይ ተቀመጡ። የልጃቸው ሰርግ ላይ ጠጁም ጮማውም ቀርቶ ስለ ባሎቴ ዳጣ ነው የተወራው። እንዲያውም ዳጣውን የቀመሰው ሙሽራ እንባው ሲፈስ ያዩ አሮጊቶች «ምን ዓይነት አፍቃሪ ነው» ተባባሉ ይባላል።

ወልዴ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ጌታውን ተሰናብቶ መጥቶ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። «ልቀቅ የምትለኝ ሴት አጠገብ ልኑር» አለ። ሃያ ሦስት እጅ ሆንን። ኋላ ጣሊያን ሲመጣ ሙሴ ሞተሩን ጥሎ ሄደ፣ ወፍጮው ዝም አለ፣ እኛም በየአቅጣጫው ተበተንን። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥሩ አንዴም አልጎደለም።

ባሎቴን የቀበርናት ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀብር መልስ የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ሳንጠራራ በአንድ ጥግ ተሰበሰብን፤ በሕይወት የቀረነው ሰባት ነን። የወልዴ ጢም ነጭ ሆኗል። ዳና ወደ ጓዳ ገብቶ ድስት በጉያው አቅፎ ወጣ፤ ፖሰሴ ነው፣ ጎረቤት የሠራው። በኮባ ቀረበ። ሌላው ለቀስተኛ መብላት ጀመረ። እኛ ሰባታችን ግን እጃችንን አልሰደድንም፤ አንዱ ሌላውን እያየ ተቀመጥን። ዳጣው ገና አልቀረበም፣ የሁላችንም ዓይን ግን ያነባ ነበር።

ዳና ገባውና ተመልሶ ጓዳ ገባ። ይዞት የመጣው ያንኑ ማማሰያ ነው፤ ጫፉ ተቃጥሎ ተቃጥሎ አጥሯል።

«እጅ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሁላችንም ዘረጋን። አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረን፤ ኢሲ፣ ናኡ፣ ሄዙ እያለ፣ ልክ እንደሷ ሳይቸኩል። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመና ማማሰያውን የያዘችውን የራሱን እጅ አየ። እሷንም አሥራ ሦስተኛ አድርጎ ቆጠራት።

«ሞልቷል» አለን። «ብሉ።»